ቀይ በራ፦ የአንድ የለንደን ብሉዝ አልበም የሥራ ማስታወሻ

(ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 9፣ 2025

ድራመሩ ደወለ። ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው። በስልክ ሲያወራ እንኳ ጣቱ ጠረጴዛ ይመታል። እሱና አራት ጓደኞቹ ሰሜን ለንደን ባለ አንድ ፐብ (መጠጥ ቤት) ፎቅ ላይ ለዓመታት ብሉዝ ሲጫወቱ ኖረዋል። እኔም አልፎ አልፎ ድምፅ እሠራላቸዋለሁ። አሁን "ሳናረጅ አንድ ሸክላ እናውጣ" ብለዋል። ከሁሉም የምታንሰው ቤዝ ተጫዋቿ ናት፤ 61 ዓመቷ ነው።

ስቱዲዮ አይፈልጉም። እዚያው ቤት፣ ሰው ፊት፣ ላይቭ።

እኔ አዲስ አበባ የሰርግ ባንድ ድምፅ ስሠራ ነው ሙያውን የለመድኩት። ለንደን ከመጣሁ ወዲህም ገመድ ያልዘረጋሁበት የሀበሻ አዳራሽ የለም ማለት ይቻላል። ሰርግ ላይ ብትሳሳት ሰው በማግስቱ ረስቶታል። ሸክላ ላይ የገባ ስህተት ግን አብሮህ ይኖራል። ቢሆንም እሺ አልኩ።

ማታ ፐቡ ውስጥ ተገናኘን። ዘፋኙ የቢራ ብርጭቆ የሚቀመጥበትን ካርቶን ገልብጦ አንዲት ሕግ ጻፈ፦ ከተቀዳ በኋላ ምንም አይጨመርም። አምስቱም ፈረሙ። እኔም ፈረምኩ። ካርቶኑ ከኮቴ ኪስ ውስጥ ነው።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 18

ሥራ ከመጀመሬ በፊት ሰሜን ምዕራብ ለንደን ያለው ዌስት ሃምፕስቴድ ሄድኩ። ማንም አላዘዘኝም፤ ማየት ፈልጌ ነው።

ባቡር ጣቢያው አጠገብ ሬልዌይ የሚባል ፐብ አለ። በ1960ዎቹ ፎቁ ላይ ክሉክስ ክሊክ የሚባል ክለብ ነበር። ትንሽ ራመድ ብሎ፣ ብሮድኸርስት ጋርደንስ ላይ፣ የሸክላ አሳታሚው የዴካ ስቱዲዮ ነበር። ዛሬ የእንግሊዝ ብሔራዊ ኦፔራ ይዞታል።

ዲሴምበር 7፣ 1964 እንግሊዛዊው የብሉዝ ዘፋኝ ጆን ሜዮል የመጀመሪያ አልበሙን እዚያ ክለብ ውስጥ ቀዳ። ዴካዎች ማሽናቸውን ተሸክመው አልመጡም። ከስቱዲዮው እስከ ክለቡ ገመድ ዘረጉ። ማይኩ ከሚያጨሰውና ከሚጠጣው ሰው መሀል፣ ቴፑ ደግሞ ጎረቤት ንጹሕ ክፍል ውስጥ። ቤዝ ላይ ጆን ማክቪ ነበር፤ በኋላ ፍሊትውድ ማክ የተባለው ባንድ የስም ግማሽ የሆነው ሰውዬ። ጊታሪስቱ ኤሪክ ክላፕተን ገና ባንዱ ውስጥ አልገባም፤ እሱ የመጣው በማግስቱ ዓመት ነው።

ክሉክስ ክሊክ ውስጥ የቀዳ ሜዮል ብቻ አይደለም። ግራሃም ቦንድ ከእሱ በፊት በዚያው ዓመት ቀድቷል፤ ቴን ይርስ አፍተር የተባለው ባንድ ደግሞ በ1968። ለምን ሁሉም እዚያ እንደሄዱ ቆሜ ሳየው ገባኝ። ክለቡ የተለየ ውበት ስላለው ላይሆን ይችላል። ስቱዲዮው ቅርብ ስለሆነ ነው! ታሪክ አንዳንዴ በገመድ ርዝመት ይወሰናል።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 23

ክፍሉን ለብቻዬ አየሁት። ከመድረኩ እስከ ኋለኛው ግድግዳ 11 ሜትር። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ወለሉ ምንጣፍ፣ አንዱ ግድግዳ ሙሉ መስታወት። አጨበጨብኩ፤ ጭብጨባዬ ከመስታወቱ ተመልሶ መጣ። ሰው ሲሞላ ኮቱና ሹራቡ ይውጠዋል ብዬ ተጽናናሁ። ባዶ ክፍል ሁሌም ያታልላል።

ትልቁ ጠላቴ የባሩ ፍሪጅ ነው። 50 ኸርዝ አካባቢ ያንጎራጉራል። የቤዙ ታችኛው ጂ የምትባለው ኖታ 49 ኸርዝ ናት። ከዘፈኖቻቸው ደግሞ ሦስቱ ጂ ላይ ናቸው። ፍሪጁ አብሮ ይጫወታል ማለት ነው፣ ያውም ሳይቃኝ።

ፐቡን የምታስተዳድረዋን ሴትዮ "ሲጫወቱ ይጥፋልኝ" ብዬ ለመንኳት። "ቢራዬ ይሞቃል" አለች። ተከራክረን 50 ደቂቃ ላይ ተስማማን። ስለዚህ አንዱ ዙር ጨዋታ ከ50 ደቂቃ አያልፍም። የአልበሙ ቅርፅ በፍሪጅ ተወሰነ።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 2

የማይክ ዕቅድ አወጣሁ። ድራሙ ላይ አራት፦ እግር ከበሮው፣ ስኔሩ፣ ከላይ ሁለት። ቤዝ በቀጥታ ገመድ። ጊታር አምፑ (ድምፅ ማጉያው) ፊት አንድ። የኤሌክትሪክ ፒያኖው ሁለት። የሃርሞኒካው አምፕ ፊት አንድ። ዘፋኙ አንድ፣ ሃርሞኒካ ተጫዋቹ አብሮ ለሚዘፍንበት ሌላ አንድ። ለሰዉ አራት። ድምሩ 15።

አራቱን የሰው ማይክ ያየው ድራመር "ለጭብጨባ አራት?" ብሎ ሳቀ። ለጭብጨባ ብቻ አይደለም። መሣሪያዎቹን ቅርብ ለቅርብ ብቻ ከቀዳህ ሁሉም በየካቢኔው የተዘጋበት ይመስላል። ክፍሉ ራሱ የሚሰማው ከሩቅ ማይክ ነው።

በ24 ቢት፣ በ48 ኪሎኸርዝ ጥራት አንድ ትራክ (የአንድ ማይክ ቅጂ) በደቂቃ ወደ 8.6 ሜጋባይት ይበላል። በ15 ትራክ፣ ለሁለት ዙር 100 ደቂቃ፣ በአንድ ሌሊት ወደ 13 ጊጋባይት። ላፕቶፑ ላይ አንድ ቅጂ፣ ሚክሰሩ (ድምፅ ማደባለቂያው) ካርድ ላይ አንድ ቅጂ። ሰርግ ያስተማረኝ ይሄንን ነው፦ ሙሽራ ሁለቴ አትገባም።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 6

ልምምድ። ሁለት ሰዓት ሙሉ የተጣላነው በጊታሩ አምፕ ነው። ዘፋኙ ጊታርም ይጫወታል። አምፑ የድሮ፣ በመስታወት ቱቦ የሚሠራ የቫልቭ አምፕ ነው፤ ካልጮኸ አይጣፍጥም ይላል። እውነቱን ነው። ግን ሲጮህ በየማይኩ ይገባል፤ የራሱ ድምፅ ማይክ ውስጥ እንኳ ከድምፁ ይልቅ ጊታሩ ይሰማል።

መፍትሔው ከቢራ ሳጥን መጣ። አምፑን ከወለል አንስተን ሳጥን ላይ አጋደም አድርገን ጆሮው ላይ አነጣጠርነው። እስከዛሬ ድምፁ በጉልበቱ መሀል አልፎ ሕዝቡን ሲመታ ነበር የኖረው። ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረገና "አምላኬ!" ብሎ በራሱ እጅ ቀነሰው። ጆሮው እንደጎዳው አውቃለሁ፣ ዝም አልኩ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ብሉዝ እሠራለሁ ስል ሀበሻ ወዳጆቼ ሁሉ "ያው ትዝታ ነዋ" ይሉኛል። ለጨዋታ ያምራል። ግን ዛሬ ሃርሞኒካውን ደጋግሜ ሳዳምጥ አንድ አይደሉም። ትዝታ ሜጀርም (ብሩሁ) ሆነ ማይነር (ሀዘንተኛው) የቅኝቱ ሦስተኛዋ ድምፅ ቦታዋን ታውቃለች። ብሉዝ ውስጥ ሦስተኛዋ በሜጀርና በማይነር መካከል ትንሸራተታለች፤ ከሥር ያለው ኮርድ (አብረው የሚመቱት ድምፆች) ሜጀር ሆኖ እላዩ ላይ ወደ ማይነር ይጎትታታል። ሀዘኑ ሊመሳሰል ይችላል፤ መንገዱ ሌላ ነው።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 21፣ የመጀመሪያው ሌሊት

የእህቴን ልጅ ይዤው መጣሁ። 19 ዓመቱ ነው፣ ገመድ ይጠቀልላል፣ ድምፅ ሲበዛ የሚቀሉትን መለኪያዎች ያያል። እዚሁ ያደገ ልጅ ነው፤ አማርኛው የሚመጣው ሲደነግጥ ነው።

ሁሉም ነገር ያለ ችግር ሄደ። አንድም ገመድ አልተበላሸም፣ አንድም መለኪያ አልቀላም። ሲጫወቱ ግን ፈተና ላይ የተቀመጡ ተማሪዎች መሰሉ። የመቅጃው ቀይ መብራት ሲበራ ሁሉም እጁን ያየዋል። ፒያኒስቱ ሁሌ የሚያበላሻትን ቦታ አላበላሻትም፤ እሷ ቦታ ደግሞ ስትበላሽ ነበር የምታስቀው። ሕዝቡም ማይኮቹን አይቶ በሹክሹክታ ነው ያወራው።

ንጹሕ፣ ትክክል፣ የሞተ። ስሸኛቸው "ነገ ማይኮቹን እርሱ" አልኳቸው። እንዲህ ሲባል የሚረሳ ሰው የለም።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 22፣ ሁለተኛው ሌሊት

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል።

ዛሬ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ዘፋኙ ከመጀመሪያው ዘፈን ሸሚዙ ረጠበ። ማይክ የረሱት እኔ ስላልኩ አይደለም፤ ፊት ለፊት የቆሙ አምስት ስድስት ሴቶች መጨፈር ስለጀመሩ ነው። ድራመሩ ፍጥነቱን ጨመረ፣ ሁሉም ተከተለው።

ሁለተኛው ዙር ላይ፣ ስድስተኛው ዘፈን። አዝጋሚ ነው፣ በዚህ ዘፈን ሃርሞኒካው ለዘፋኙ መልስ ይሰጣል፤ ሰውዬው አንድ መስመር ይላል፣ ሃርሞኒካው ያለቅሳል። የግጥሙ የመጀመሪያ ቤት መጨረሻ ላይ ዘፋኙ ሰምቼው የማላውቀውን ጩኸት ጮኸ። ልጁ ከጎኔ "ጋሼ! ጋሼ! ቀይ በራ!" አለ። የዘፋኙ ትራክ መለኪያ ቀልቷል። ቶሎ ጎንበስ ብዬ ዝቅ አደረግሁት። ጩኸቱ ተርፏል፤ ጫፉ ትንሽ ተላጠ እንጂ።

ሁለታችንም ቀዩን ስናይ የጠፋውን አላየንም። ቀና ስል የሃርሞኒካው መለኪያ ጨልሟል። ሰውዬው መድረክ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ይነፋል፣ አምፑ ይጮኻል፣ ሕዝቡ ይሰማዋል። ወደ እኔ ግን ምንም አይመጣም። ከአምፑ ፊት ካለው ማይክ የሚመጣው ገመድ ሞቷል።

እየተሳብኩ ሄጄ ገመድ እስክቀይር ዘፈኑ አለቀ። የሕይወቱን ምርጥ ሶሎ ነበር የነፋው። ሰው ቆሞ አጨበጨበ።

ገመዱ የራሴ ነው። በፊት ጫፉ ሲላቀቅ ራሴ ነኝ ሶልደር ያደረግሁት። ሌላ የምወቅሰው ሰው ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 24

አውቶብስ ላይ በጆሮ ማዳመጫ ሁሉንም ሰማሁት። የቅዳሜው ዓርብን ይበላዋል። ስድስተኛው ዘፈን ደግሞ ሁሉንም ይበላቸዋል፣ ሃርሞኒካ የለውም እንጂ።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 27

ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ሃርሞኒካ ተጫዋቹ ቢራውን አስቀምጦ "ቤትህ መጥቼ በአሥር ደቂቃ እነፋልሃለሁ" አለ። "ማን ያውቃል?"

እውነት ነው፣ ማንም አያውቅም። የጥንቶቹ ላይቭ አልበሞችም ብዙ ነገር ተደርጎባቸዋል። እንዲያውም ገና ከመነሻው አንድ አስቂኝ ታሪክ አለ። በ1962 እንግሊዛውያኑ ሙዚቀኞች አሌክሲስ ኮርነርና ሲሪል ዴቪስ ያወጡት አልበም ርዕሱ ላይ የለንደኑን ማርኪ ክለብ ስም ይዟል። የእንግሊዝ ብሉዝ በኩር ከሚባሉት አልበሞች አንዱ ነው። የተቀዳው ግን ማርኪ አይደለም። እዚያው ዌስት ሃምፕስቴድ ዴካ ስቱዲዮ ውስጥ ነው፣ ጁን 8።

ይህን የነገርኩት ለማባበል ነበር፤ ሲሪል ዴቪስ ለዚህ ሰውዬ ጣዖት ነው። ሃርሞኒካ ተጫዋች ነበር፣ ከኮርነር ጋር በማርች 1962 ምዕራብ ለንደን፣ ኢሊንግ፣ ምድር ቤት ውስጥ ክለብ የከፈተ፣ በጃንዋሪ 1964 በ31 ዓመቱ የሞተ። የእኛ ሰውዬ የታሪኩን አቅጣጫ ወዲያው ገለበጠብኝ። "አየህ፣ ሲሪልም ስቱዲዮ ገብቶ ነው የነፋው!"

ያን ጊዜ ቤዝ ተጫዋቿ፣ ሌሊቱን ሙሉ ምንም ያልተናገረችው፣ "ካርቶኑ የት ነው?" አለች። ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ስድስት ፊርማ፣ የቢራ ክብ ምልክት እላዩ ላይ።

"ከክፍሉ ውስጥ ፈልገው" አለኝ ሃርሞኒካ ተጫዋቹ በመጨረሻ። "እኔ እኮ እዚያ ነበርኩ።"

እሑድ፣ ማርች 16

ሦስት ሳምንት ሃርሞኒካ ስፈልግ ቆየሁ። አገኘሁትም።

አምፑ ሲጮህ ድምፁ ባዶ ቦታ አልሄደም። ሰውዬው አብሮ የሚዘፍንበት ማይክ ከአጠገቡ ክፍት ነበር፤ እዚያ አለ። ከድራሙ በላይ ያሉት ሁለቱ ማይኮች ውስጥም አለ፣ ከሲምባል ጋር ተደባልቆ። አራቱ የሰው ማይኮች ውስጥም አለ፣ ከሩቅ፣ ከብርጭቆ ድምፅ ጋር። ስንት ጊዜ "ድምፅ በየማይኩ ይገባል" ብዬ ተማርሬ ነበር። ያ የማማርረው ነገር አወጣኝ።

ችግሩ ጊዜው ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ይሄዳል። ከመድረኩ 10 ሜትር የራቀ ማይክ ጋር ሲደርስ 29 ሚሊሰከንድ ያህል ዘግይቷል። ሁሉንም እንዳለ ብትደርበው ሃርሞኒካው ጭቃ ይሆናል። የሩቆቹን ትራኮች ትንሽ በትንሽ ወደ ፊት ሳብኳቸው። 29 ሙሉ ስስበው ክፍሉ ጠፋ፣ ጠፍጣፋ ሆነ። 15 ላይ ስተወው ልክ መጣ። ለምን 15 እንደሆነ ማስረዳት አልችልም፤ ጆሮዬ አለ።

ሌላው ችግር፣ ሶሎው ላይ ብቻ የሩቁን ማይክ ከፍ ካደረግህ በድንገት ግድግዳ የተነሳ ይመስላል። ስለዚህ ከዘፈኑ መጀመሪያ አንስቼ ቀስ እያልኩ ከፍ አደረግሁት። አድማጩ ሳያውቀው ከፊት ወንበር ተነስቶ ወደ በሩ ይሄዳል። ሶሎው ሲመጣ በሩ ላይ ቆሟል። ሃርሞኒካው ከሌላ ክፍል የሚመጣ ይመስላል፣ ከእሱ ጋርም የሰው ሳል፣ የወንበር ድምፅ።

ከሁሉም የምወደው ቦታ ሆነ።

በዚህ ሰሞን ሜዮል ራሱ በ1967 መጨረሻ በሁለት ትራክ ተንቀሳቃሽ ቴፕ በየክለቡ የቀዳቸውን እየሰማሁ ነው። ወሬው፣ ቀልዱ፣ ሁሉም አብሮ ገብቷል። ከዚያው ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ አንድ የሆላንድ አድናቂ ባለ አንድ ቻናል ቴፕ ደብቆ የለንደን ክለቦች አስገብቶ ነበር። ጊታሪስቱ ፒተር ግሪን፣ ማክቪና ከበሮ መቺው ሚክ ፍሊትውድ ከሜዮል ጋር አብረው የቆዩባትን አጭር ጊዜ የያዘው እሱ ነው። ያ ቴፕ ለሕዝብ የወጣው በ2015 ነው። ድምፁ ይሻክራል። ማን ግድ አለው?

አንድ የማልጠራው ነገር አለ። የሩቆቹን ማይኮች ከፍ ሳደርግ አንድ ሌላ ድምፅ አብሮ ወጣ። ሚክሰሩ ያለው ከእነሱ ሥር ነበርና። ዝቅ ላደርገው ሞከርኩ፤ እሱን ስነካ ሃርሞኒካው አብሮ ይጠፋል። ትንሽ ነው፣ ማንም አይሰማውም ብዬ ተውኩት። ለማንም አልተናገርኩም።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 3

ስምንት ዘፈን መረጥን፣ 41 ደቂቃ። ሰባቱ ከቅዳሜ፣ አንዱ ከዓርብ። ምንም አልተጨመረም፤ ግን ተቀንሷል። ጊታር ሲቃኝ የነበረበትን 40 ሰከንድ ቆርጬዋለሁ። ይህ ሕጉን ይጥሳል ወይ ብለን ተከራከርን። "አይጨመርም" ነው እንጂ "አይቀነስም" አይልም ተባለ። የጠበቃ መልስ ነው፣ ግን አለፈ።

ቀሪው ጠብ በቅደም ተከተሉ ነው። እነሱ ሁለተኛውን ገጽ በጩኸት መጨረስ ይፈልጋሉ፣ እንደ መድረክ። ሸክላ ግን ወደ መሀል በገባ ቁጥር መርፌው በአንድ ዙር የሚሄደው መንገድ ያጥራል፤ ያው የድምፅ መጠን በጠበበ ቦታ ይታጨቃል። ቀጭንና ሹል ድምፅ እዚያ ይቃጠላል። ሃርሞኒካ ደግሞ ቀጭንና ሹል ነው። ስለዚህ የየገጹ መጨረሻ አዝጋሚ ዘፈን ይሁን አልኩ። የመጀመሪያው ገጽ 20 ደቂቃ፣ ሁለተኛው 21። ከዚያ በላይ ብንዘረጋ ድምፁ መቀነስ አለበት።

ተሸነፉ። የሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ስድስተኛው ዘፈን ሆነ።

ፈቃዱን ድራመሩ ያዘ። አምስቱ ዘፈኖች የሌላ ሰው ድርሰት ናቸው፤ እዚህ አገር ለድርሰት ቅጂ የሚከፈለውን የሚሰበስበው ኤምሲፒኤስ ነው። ፎርም መሙላት የሚወድ ሰው እንዳለ ከእሱ ተማርኩ። 300 ቅጂ።

ቅዳሜ፣ ጁን 14

የሙከራ ሸክላው መጣ። ነጭ ወረቀት፣ ምንም ያልተጻፈበት። ድራመሩ ቤት ተሰበሰብን። ልጁም መጥቷል።

የመጀመሪያው ገጽ ሲያልቅ ማንም አልተናገረም። ሁለተኛውን ገለበጠ። ዓይኔን ምንጣፉ ላይ ተከልኩ። የመጨረሻው ዘፈን መጣ፣ ዘፋኙ ጮኸ፣ ከዚያ በኋላ ባለው ጸጥታ ላይ፣ ከሩቅ፣ ግን ጥርት ብሎ፦ "ጋሼ! ጋሼ! ቀይ በራ!"

በእኔ ስፒከር እንዲህ አይሰማም ነበር፣ እምላለሁ። ልጁ ፊቱን በሹራቡ ሸፈነ።

"ምንድን ነው የሚለው?" አለ ዘፋኙ።

"ቀዩ መብራት በራ ማለት ነው" አልኩ። "በአንተ ምክንያት።"

እስከ መጨረሻው ሰሙ። ሃርሞኒካው ከበሩ በኩል መጣ፣ አለቀ፣ ጭብጨባው አለቀ። ሃርሞኒካ ተጫዋቹ ተነስቶ መርፌውን ከዘፈኑ መጀመሪያ ላይ መለሰው። ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ። እንደገና እንሥራው ያለ አልነበረም።

ማታ ድራመሩ መልእክት ላከ። ሽፋኑ ነገ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል፣ የልጁን ስም እንዴት ልጻፈው ይላል። በእንግሊዝኛ ፊደል ሦስት ዓይነት አድርጌ ላክሁለት። እናቱን ጠየቅሁ፣ አራተኛ ጨመረች። ልጁን ስጠይቀው "ፓስፖርቴ ላይ ያለውን" አለ። እሱ ከአራቱም አንዱም አይደለም።